ስድስት ጊዜ ስምንት በእኛ ቤት

የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን አልጋ ላይ ትወረውርና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ዘፍ ብላ «አያቴ፣ ጠይቂኝ» ትለኛለች። የምጠይቃት ማባዣ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍልን በወጉ ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ማባዣ ግን አይጠፋኝም። የአራቱን፣ የሰባቱን፣ የዘጠኙን እየዘለልኩ እጠይቃታለሁ፤ እሷም እግሯን እያወዛወዘች ትመልሳለች። ስድስት ጊዜ ስምንት ላይ ስንደርስ «አርባ ስምንት» ትልና ፊቴን ታየኛለች። እዚያች ላይ «ጎሽ» ለማለት ሁልጊዜ ትንሽ እዘገያለሁ። እሷ ታዲያ ያሸነፈችኝ ይመስላትና ረሳሽው አይደል እያለች ትስቅብኛለች። ብረሳውማ በወደድኩ።

ነገሩ የእህቴ ነው። እታለም ነበር የምላት፤ ዛሬም እታለም ነው የምላት። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልነቀልኩም፤ እሷ ደግሞ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳ ለአራተኛ ደብተሯን አስለብሳ ተቀምጣ ነበር። ያ ደብተር ሳይጻፍበት ቀረ። አባባ ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል። መኪና የመጣ ቀን ይበላል፣ ያልመጣ ቀን አስፋልቱን ሲያይ ይውላል። ስለዚህ እታለም ከመንገዳችን ጫፍ ካለው ዳቦ ቤት ገባች። ማንም ግቢ ያላት የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሻሽዋን አጥብቃ አስራ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ቅንድቧ ዱቄት ሆኖ ተመለሰች፤ በቃ ሠራተኛ ሆነች።

የዳቦ ቤቱን ነገር ካላስረዳሁ ሌላው አይገባም። ምድጃው በእንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ ነው። ዳቦው የሚደረደርበትን ሰፊ ቆርቆሮ ላታ ይሉታል። በአንድ ላታ ላይ ስድስት ረድፍ ይደረደራል፣ በየረድፉ ስምንት ድቡልቡል ዳቦ። ምድጃው ደግሞ አንድ አመል ነበረው፤ እሳቱ ወደ ግድግዳው ያደላል። ምን ቢጠነቀቁ የላታው አራቱ ጥግ ላይ ያሉት ዳቦዎች ያርራሉ። መሐሉ እንደ ማር ሲቀላ ጥጉ ከሰል ነው። ጋጋሪው፣ ሽፋሽፍቱ ላይ አመድ ስለማይጠፋ አመዶ የሚሉት ሰው፣ ምድጃውን አንዴ አፍርሶ አሠርቶት ነበር አሉ፤ አመሉን ግን አልተወም። ከዚያ በኋላ ጥግ የሠራተኛ ነው ተባለ። ያረረ አይሸጥም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከአንድ ላታ ላይ አራቱን ጥግ ይዞ ይሄዳል፤ የቀረውን ጥግ እዚያው ሲሠሩ ይቀማምሱታል።

የእታለም ሥራ ላታው ከምድጃ ሲወጣ ዳቦውን አራግፎ ሳጥን ውስጥ መገልበጥና ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት ነበር። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ይመዘግባል። አርባ ስምንት ብላ አታውቅም። አንድ ላታ አርባ አራት፤ ሁለት ላታ ሰማንያ ስምንት፤ ሦስት ላታ መቶ ሠላሳ ሁለት። በዜማ ነው የምትጠራው። መንገድ ላይ ሆኜ በመስኮቱ ድምጿን እሰማው ነበር፤ እሷ እንደሆነች የማውቀው አራት ስትል ድምጿን ወደ ላይ ሳብ ስለምታደርገው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ቤት እንደርሳለን፤ እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሷ ከሥራ። ደጃፉ ላይ ትቀመጥና አራቱን ዳቦ ከጨርቁ ፈትታ የቢላውን ጀርባ ይዛ ያረረውን መፋቅ ትጀምራለች። ኩርት፣ ኩርት፣ ኩርት። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጥቁሩ ጉልበቷ ላይ ይረግፋል፤ ከሥሩ ቡናማ፣ ትንሽ መረር የሚል፣ ትኩስ ዳቦ ይወጣል። ከዚያ ማካፈል ነው። አራት ለሦስት። አንድ ለአባባ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። ቀሪ አንድ። ማካፈል ውስጥ ቀሪ የሚባል ነገር እንዳለ አስተማሪዬ ከመንገሩ በፊት እኔ አውቀው ነበር። ቀሪዋን በጨርቅ ትጠቀልልና መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣታለች፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እጄ ላይ ትጨምርልኛለች። «ቀሪው ላንቺ» ትላለች። አንድ ቀን እንኳ ቀሪው ለኔ ብላ አታውቅም።

አራተኛ ክፍል ስገባ አንድ ነገር መጣ። እታለም ገና ቀሚሷን ሳትቀይር ዛሬ ምን ተማራችሁ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ የኔን ትምህርት ለመቆጣጠር መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ያልተጻፈበት ደብተር ቆጭቷት ነው። እኔም አስተማሪ ሆንኩ። እሷ ራሷ ቲቸር እያለች ትጠራኛለች። ተማሪ ቤት ወዳድቀው የማገኛቸውን የጠመኔ ስብርባሪዎች እለቅምና ሰማያዊ የቆርቆሮ በራችን ላይ በውስጥ በኩል እጽፋለሁ፤ እሷ ልብስ እያጠበች ትመልሳለች። እንዴት ያለሁ ክፉ አስተማሪ እንደነበርኩ ብታዩኝ። የመጥረጊያ እንጨት ይዤ፣ ወገቤን ይዤ፣ ድምፄን አወፍሬ። እሷ ስትሳሳት እጇን አስዘረጋታለሁ። በሳሙና የተላቆጠ እጇን ዘርግታ ትስቃለች። አባባ ከሥራ ሲመለስ እንደዚህ ሆነን ያገኘንና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ያልፋል። እታለም ታዲያ ማቡካቱን እኔ አውቅበታለሁ፣ እሷ ታስቆጥረኝ እንጂ ትለዋለች።

አባባም ቢሆን ከትምህርቱ አላመለጠም። ጠዋት ጫማውን ሲያስር በሩን ተደግፎ ነው። በር ላይ የጻፍነው ሁሉ የሥራ ካፖርቱ ጀርባ ላይ ይታተማል፤ ያውም ተገልብጦ። ጎሚስታ ጓደኞቹ ትከሻውን ይዘው እያዞሩት መልሱ የቱ ጋ ነው እያሉ ሲስቁበት ይውላሉ። ማታ መጥቶ ሲነግረን ተቆጥቶ ነው የሚጀምረው፤ ወሬው መሐል ሲደርስ ራሱ ይስቃል። በሩን መደገፉን ግን አልተወም። አሁን ሳስበው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

እታለምን የከበዳት የሰባት ማባዣ ነው። ሰባት ለምን እንዲህ እምቢተኛ ሆነ ብላ ትጠይቀኝና መልሱን ራሷ ትሰጣለች፤ ዳቦ ቤት ውስጥ በሰባት የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል በስድስት ጊዜ ስምንት ላይ አንድ ረድፍ ትጨምራለች። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ስድስት ጊዜ ስምንት ላይ ስትደርስ ግን አፏ ቀድሟት አርባ አራት ይላል፤ ስምንት ስትጨምርበት ሃምሳ ሁለት ይሆናል። እኔ መሬት ላይ እንከባለላለሁ። እሷ አፏን በእርጥብ እጇ መታ አድርጋ «ይሄ አፍ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ ከቤት አይውልም» ትላለች። በሩ ላይ አርባ ስምንት ብዬ በትልቁ ጻፍኩላት። ታውቀዋለች። በሩን እያየች ከሆነ አትሳሳትም። ፊቷን ያዞረች እንደሆነ ነው ነገሩ።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤታችን ላቋረጡ ልጆች የከሰዓት ክፍል ሊከፍት ነው ተባለ። ፈተና ያለፈ አምስተኛ ክፍል ይገባል። እታለም ወሬውን ከእኔ ስትሰማ የያዘችውን ልብስ ሁለት ጊዜ አጠበችው። በማግስቱ ለአመዶ ነግራ ፈቃድ ተቀብላ መጣች። አመዶ ትምህርት ቤት ገብተሽ የምትቆጥሪው ምን ቀረሽ ብሎ አሾፈባት አሉ፤ ሥራው ጠዋት ስለሆነ ግን አልከለከላትም።

አክስቴ ደግሞ የመጣችው ያኔ ነው። የአባባ ታናሽ ናት፤ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት ሩቅ ከተማ የሳህንና የብርጭቆ ሱቅ አላት፣ ልጅ የላትም። እታለምን አየቻትና ይቺ ልጅ ፀጉሯ በዱቄት ሳይሆን በዕድሜ የሸበተ ነው የሚመስለው አለች። ልውሰዳት፣ እንደ ልጄ ላኑራት፣ ላስተምራት አለች። አባባ ራሱን አከከ። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ አፍ ሲቀንስለትም ታይቶታል፣ ልጁ ከእሳት አጠገብ ስትርቅለትም ታይቶታል፣ ቤቱ ጭር ሲልም ታይቶታል። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት እዚሁ ትቆይ፤ ካልተቀበላት ግን ከአንቺ ጋር ትሂድ አለ። አክስቴም ሻንጣዋን አልጋው ሥር አስገብታ ልትጠብቅ ተቀመጠች። እኔ ጠዋት ጠዋት ከዚያ ሻንጣ ጋር ዐይን ለዐይን እየተያየሁ እነሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀረ። የመጥረጊያ እንጨቴን ጣልኩ። ከሰዓት በኋላ ዳቦዋን ሳትፍቅ መማር ጀመርን። ሠላሳ ስድስት ለአራት፤ ሃምሳ ለሰባት፣ ቀሪ ስንት። ሦስት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ ቀጥሎ ማን ይመጣል። ይሄኛውን ወደደችው። የቁጥር ሰልፍ ትለው ነበር፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው በምን አኳኋን ተከትሎ እንደሚመጣ መገመት እንደ ሰው ጠባይ ማወቅ ነው ትላለች። ስትተኛም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ብሳሳት ምን ትሆኛለሽ ብላ ጠየቀችኝ። አትሳሳቺም አልኳት። ዐይኗ ወደ ሻንጣው ሄዶ ተመለሰ።

የፈተናው ቀን ከዳቦ ቤት በቀጥታ መጣች። ፊቷን ታጥባለች፣ ጆሮዋ ሥር ግን ዱቄት ቀርቷል፤ በምራቄ ጠረግኩላት። እኔ ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷ በርቷል። ሰባት ጊዜ ስምንት መጥታ ነበር፣ እሷን እንኳ አልሳትኩም፣ እንደ በሩ አድርጌ ሃምሳ ስድስት ጻፍኩ አለችኝ። መንገዱን ሙሉ እጄን እያወዛወዘች ሄድን። በዚያ ቀን ዳቦዋን አራቱንም ከአክስቴ ጋር ተካፈልን፤ አራት ለአራት፣ ያለ ቀሪ። ደግ ምልክት መስሎኝ ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ የእሷ ቁጥር የለም። ሁለቴ አየሁት፣ በጣቴ እየነካሁ አየሁት። የሂሳብ መምህሯ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ቀጭን ሴትዮ፣ በመስኮት አይታን ኖሮ ወደ ቢሮዋ ጠራችን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። መምህሯ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ በአንድ አዳራሽ ወንበሮች በስድስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በየረድፉ ስምንት ወንበር አለ። ስንት ወንበር አለ? ግማሹ ቢወጣስ? እንደዚህ ያለ አዳራሽ ሦስት ቢሆንስ? እታለም አርባ አራት ብላ ጀምራለች። ከዚያ ሃያ ሁለት። ከዚያ መቶ ሠላሳ ሁለት። የፊተኛዋ በግ ገደል ስትገባ የኋለኞቹ ተከትለዋት ገብተዋል። በዚያች ጥያቄ ነው የወደቀችው።

መምህሯ በጣም ነው የገረማት። ሰባት ጊዜ ስምንትን አውቀሽ ስድስት ጊዜ ስምንትን እንዴት ሳትሽ አለቻት። እታለም ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ወንበሮቹን በልቧ እንደደረደረቻቸው፣ ከዚያ ግን ጥግ ጥጉ አርሮ እንደታያት ነገረቻት። የላታውን ነገር፣ የምድጃውን አመል፣ ጥግ የሠራተኛ መሆኑን አንድ ባንድ አስረዳች። መምህሯ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ እርሳሷን አነሳችና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አርባ ስምንት ጻፈች፣ የመቀነስ ምልክት አደረገች፣ ባዶ ሳጥን ሣለች፣ እኩል ነው አርባ አራት አለች።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን ይገባል?»

«አራት።»

«አራቱ የት ሄደ?»

እታለም በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሷ በልታዋለች» አለች።

መምህሯ ሳቀች፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች። ስም ዝርዝሩ ከእጇ እንደወጣ፣ ወንበሩም እንደሞላ ነገረችን። ለከርሞ ነይ፣ እኔ ራሴ በር ላይ እጠብቅሻለሁ አለቻት። እታለም እሺ አለች። ከርሞ የሚባለው ነገር በእኛ ቤት አልጋ ሥር ባለው ሻንጣ እንደተቆለፈ ሴትዮዋ ከየት ታውቃለች። መውጫችን ላይ እታለም ያቺን ወረቀት ማየት ፈልጋ ዞር አለች። አልጠየቀችም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለአባባ ነገርነው። ያ ሰው ቃሉን አያጥፍም፤ ያን ዕለት ቢያጥፈው ምን ነበረበት እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስብ ኖሬያለሁ። እሱም ሳያስብ አልቀረም። አክስቴ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። በመሄጃቸው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እታለም ከአባባ ዕቃ መሐል ሚስማር ፈልጋ በሩ ሥር ተንበረከከች፤ የሰባትን ማባዣ ከላይ እስከ ታች በሚስማር ጫረችው። ቆርቆሮው ሲጮህ ጥርሴን ያፋጨኝ ነበር። ጠመኔ ይጠፋል አለችኝ። ሌላው ይመጣልሻል፣ ይቺ እምቢተኛዋ እንዳትጠፋሽ አለችኝ። ለእሷ ብዬ የጻፍኩትን ትምህርት ለእኔው ትታ ሄደች።

መናኸሪያው ላይ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። የአውቶቡሱን የኋላ መስታወት ነው የማስታውሰው፤ እንደኛ በር ሰማያዊ ቀለም ያለበት፣ ከኋላው የእሷ ሻሽ።

በማግስቱ አባባ ዳቦ ገዝቶ ገባ። ያንኑ ዳቦ ቤት ሄዶ ነው። አራት ዳቦ፣ የመሐል፣ ያላረረ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ በሕይወታችን በልተነው የማናውቀው ዓይነት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ተያየን። አራት ለሁለት። ሁለት ለእሱ፣ ሁለት ለእኔ። ቀሪ የለም። አስተማሪዬ ያለ ቀሪ የሚካፈል ነገር ሲያገኝ ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት። አባባ አንዱን ዳቦ አንስቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። እኔም ከኔ አንዱን አንስቼ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ደርቀዋል።

አምስተኛ ክፍል ስገባ ባዶ ሳጥን ያለበትን ሂሳብ በሰፊው ተማርን። ከሳጥኑ ውስጥ የጠፋውን ፈልጉ ይሉናል። የፈለገው ቁጥር ይሁን፣ እኔ አራት መጻፍ ያምረኛል። ያኔ ነው አንድ ነገር ያየሁት። በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱን ጻፍኩ፦ አርባ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ አርባ አራት። በሌላው በኩል የእታለምን፦ አርባ አራት፣ ሰማንያ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት። መሐላቸው ያለውን ሳሰላው አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ሆነ። የአራት ማባዣ ራሱ ነው። ላታው በበዛ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ለማን ልንገር? እሷ ብትኖር ቢላዋዋን ጥላ ትነሳ ነበር።

እኔም ብዙ አልገፋሁም፤ አባባ ወገቡን ሲታመም ልብስ ስፌት ቤት ገባሁና ቁልፍ ስተክል ኖርኩ። እታለም ደግሞ ከአክስቴ ቤት የተባለላትን ትምህርት አላገኘችም። ዛሬ ነገ ሲባል ሳህን ስትወለውል ከረመች። አክስቴ አላስከፋቻትም፤ ግን ሱቅ ሱቅ ነው። ኋላ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አገባች፣ ደግ፣ ቀልደኛ ሰው። በሰርጓ ጊዜ ሄጄ አየኋት፤ እሷ ደግሞ ለአባባ ቀብር መጣች። ልቅሶው ሲቀዘቅዝ በሩ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት። በሩ አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ ቆይቷል፤ የሚስማሩ ጭረት ግን ከቀለሙ ሥር ይዳሰሳል። በጣቷ እየተከተለች ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ላይ ደርሳለች። አባባ ይሄን በር ሲቀባ አልፋቀውም እንዴ አለችኝ። ቀቢው ሊፍቀው ሲል አባባ እንደከለከለው ነገርኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም ነበር።

ልጆች ወለደች። ለሁሉም ማባዣ ያስቆጠረቻቸው እሷ ናት። የመጨረሻው ልጇ ሲመረቅ፣ እሷ ጉልበቷን ማሸት ጀምራ ነበር፣ በሰፈራቸው የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ። ገባች። ወንበሩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነው የምቀመጠው ብላ በስልክ ስታስቀኝ ከረመች። ባሏ ጠዋት ጠዋት ተማሪ እንዳታረፍጂ እያለ ይሸኛታል አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ደወለች። ድምጿ ሌላ ነበር።

«ዛሬ ፈተና ላይ መጣች» አለችኝ።

ማን እንደመጣች አልጠየቅኳትም።

«አርባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። አልፌያለሁ።»

እሰይ አልኩ፣ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቆዪ አለችኝ። የስልኩ ውስጥ ንፋስ ይሰማኛል።

«እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ሚጣዬ» አለች። «አራቷን ስጨምር ከአፍሽ የነጠቅኩብሽ መሰለኝ።»

ስልኩን ልትዘጋ ስትል እንደ ድሮው ቀሪው ላንቺ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና ሁኚ ማለት ትተናል፤ ስንሰነባበት የምንለው እሷኑ ነው።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እሷ ጉልበቷ፣ እኔ ዐይኔ። አውቶቡሱ ዛሬ ቀን ሙሉ አይፈጅም አሉ፣ መንገዱ ተሠርቷል፤ የሚወጣና የሚወርድ ጉልበት ነው የጠፋው። የጡብ ምድጃው ፈርሶ በቦታው ማሽን ገብቷል። አንድ ቀን ገብቼ ያረረ ዳቦ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ደግ ልጅ ነው፤ እማማ፣ ይሄ ምድጃ እየተሽከረከረ ነው የሚጋግረው፣ የሚያርር ጥግ የለውም አለኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የቀላ። ገዝቼ መጣሁ። እሳት ላይ አስጠግቼ አሳረርኩትና በቢላዋ ጀርባ ፋቅኩት። ኩርት አለ፤ ግን የራሴ እጅ ነው፣ አልሆነልኝም።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ስልኩን ይዛ ትልቋን አያቴን ልጠይቃት አለች። በጨዋታው ሱሰኛ ሆናለች። ደወለችና ሰላምታ ሳትጨርስ ስድስት ጊዜ ስምንት ስንት ነው አለቻት። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ። እታለም በጥያቄ መለሰችላት።

«ማን ነው የጠየቀኝ? ትምህርት ቤት ከሆነ አርባ ስምንት። እህቴ ከሆነች አርባ አራት።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ይሄ ስህተት ነው አይደል አያቴ አለችኝ በሹክሹክታ። ስልኩን ተቀበልኳት። የምላት ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ማሽኑ ምድጃ፣ ስለ በሩ፣ ሰሞኑን ሕልሜ ውስጥ ቅንድቧ ዱቄት ሆኖ እንደመጣች። ከዚያ ጫፍ ትንፋሿ ይሰማል። እሷ ቀደመችኝ።

«በላሽ?» አለችኝ።

በላሁ አልኳት።